የዘሩ ገብስ

ገብሱ ተወቅቶ እንዳለቀ ዘሩን ቤት ውስጥ ካለው ጎተራ ላስገባ ስል ሚስቴ የሺ «ውጭ ይቀበር» ብላ ከለከለችኝ። እሱ ከጠፋ ለከርሞ የምንዘራው የለንም።

«ውጭ ሌባ ይወስደዋል» አልኳት።

«እኛን ብሎ የሚመጣ ሌባ!» ብላ ሳቀችብኝ። «እሳቱን ፍራ እንጂ። ጣሪያችን ሣር፣ ነፋሱ የጋይንት ነፋስ።»

እውነቷን ነው። ከቤቱ ራቅ ብዬ ጉድጓድ ቆፈርኩ። እርጥበት እንዳለው ለማየት አሞሌ ጨው ሦስት ቀን አስቀመጥኩበት፤ ደረቅ ሆኖ ወጣ። ዘሩን ከትቼ አፉን በጭቃ መረግሁት።

በመጋቢት ነፋሱ ከምድጃው ፍም አንስቶ ቤቱን አነደደው። ሰውም ከብትም ተረፈ፤ ጎተራው ግን አመድ ሆነ። በማግስቱ ጉድጓዱን ከፍቼ እጄን ሰደድኩ። ገብሱ ደረቅ ነበር። እፎይ አልኩ።

የሺ ጥላሸት በለበሰ ፊቷ አየችኝና፣ «ሌባህስ?» አለች።

ቤቱ ከነደደ ወዲህ ያን ጊዜ ገና ሳቅሁ።