የከሰል ፎረፎር

ከርከር... ከርከር... ከርከር።

ድምፁ የሚመጣው ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ነው። ልብስ ሰፊዋ እግሯን ከስፌት መኪናዋ ፔዳል ላይ አንስታ ጆሮዋን አቆመች። መጀመሪያ የመጣላት አይጥ ነበር። የሆቴል አስተናጋጆች ዩኒፎርም የሚሰፋበት ጥቁር ጨርቅ እዚያው ሥር ተጠቅልሎ ነበር። መጥረጊያውን እንደ ጦር ጨብጣ ጎንበስ ስትል ያገኘችው ግን የገዛ ድመቷን ነው። ጨርቁ ላይ ተንፈላስሳ በኋላ እግሯ አንገቷን ትፎክታለች።

«አንቺ! ከቤቱ ሁሉ ቦታ እሱ ላይ?»

ድመቷ ዘላ ስትወርድ ጥቁሩ ጨርቅ ላይ ነጭ ብናኝ ቀረ። ልብስ ሰፊዋ በጣቷ ቆንጠር አድርጋ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋችው። የልብስ ጠመኔ አይደለም። ጠመኔ ሲነኩት ይቀባል፤ ይሄ ግን ይረግፋል። ማን ነው ቤቴ ገብቶ ድመቴ ላይ ነገር የሚነሰንሰው?

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ለሌላው ተረት ነው፤ ለሷ ሃይማኖት ነበር። በር ሲንኳኳ «ማነው?» ትላለች፤ መልሱን ሰምታም ደግማ ትጠይቃለች። ይህ አመል ከሜዳ አልመጣባትም። እናቷ ታማ በተኛችበት ጊዜ አባቷ «ሳሏ እንቅልፍ ነሳኝ» ብሎ ሌላ ሴት ቤት ገባ፤ በዚያው ቀረ። እናትየው ስታርፍ ልብስ ሰፊዋ ገና ኮረዳ ነበረች፤ ወንድሟ የወተት ጥርሱን እንኳን ነቅሎ አልጨረሰም። በመርፌ ጫፍ አሳደገችው። ከቀብር መልስ ግን አንድ ቃል ከአፏ ወጥቶ ነበር፦ «የዚያን ሰውዬ ደጃፍ የረገጠ የኔን አይረግጥም።»

ወንድሟ ዛሬ የቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ አብረው ይኖራሉ። ከሱ ሌላ የኔ የምትለው ሰው ስለሌላት፣ በዓለም ላይ የምትፈራው አንድ ነገር ቢኖር ያን ቃሏን እሱ ላይ ማስፈጸም ነበር።

ከምድር ቤት የምትሠራው ጸጉር ሠሪ ቀሚሷን ልትለካ መጥታ ድመቷን ስታይ ሳቋን ለቀቀችው።

«እትዬ፣ ከሰልሽ እኮ ሳትነድ አመድ ሆነች!»

ድመቷ ከሰል የተባለችው በጥቁረቷ ነው። እውነትም ከማጅራቷ እስከ ጅራቷ መነሻ ድረስ አመድ የተነፋባት መስላለች።

«አንቺ ስትገቢ ስትወጪ ያራገፍሽው ዱቄት ነው?»

«ኧረ ፎረፎር ነው! እኔ ስንት ራስ አይቻለሁ። ሻምፖ እሰጥሻለሁ፣ እጠቢያት።»

አጠበቻት። ከሰል ክንዷን ቦጫጭራ፣ ሻምፖው አስነጥሷት፣ ቁም ሣጥን ላይ ወጥታ አኮረፈች። ፎረፎሩም ጭራሽ ባሰበት። «ጊዜው ያለፈበትን ነው የሰጠችኝ» አለች ልብስ ሰፊዋ፤ ድመቷን ቅርጫት ውስጥ ከታም ወደ እንስሳት ሐኪም ሄደች።

ሐኪሟ እጅጌዋን የሰበሰበች ወጣት ናት። የሻምፖውን ወሬ ስትሰማ ራሷን ነቀነቀች። «የድመት ቆዳ የሰው ራስ አይደለም፤ የባሰ አድርቀውታል። ደግሞ ፎረፎር ምልክት ነው፤ ዋናው ምክንያቱ ነው። አንዷ ከመጠን በላይ ትወፍርና ጀርባዋን መላስ ያቅታታል። አንዷ ታረጅና መገጣጠሚያዋን ሲያማት ራሷን ማጽዳት ትተዋለች። ሌላዋ የምትበላው አይስማማትም። የእርስዎ ግን ወጣት ናት፣ ወገቧም የሙሽራ ነው። እስቲ...»

ከሚያጣብቅ ፕላስቲክ ቁራጭ ቀድዳ የድመቷ ጀርባ ላይ ለጠፈችው፤ ነቅላም ማይክሮስኮፑ ሥር አደረገችው። ልብስ ሰፊዋ ከጎን ሆና እጆቿን ትከታተላለች። መድኃኒት ልትሸጥ ነው፣ ይሄ ሁሉ ሽር ጉድ ለዚያ ነው።

«ካላመኑኝ ይዩት።»

ዓይኗን ደቀነች። የቆዳ ቅርፊት አለ። ቅርፊቱ ሥር ደግሞ እግሮች አሉ። ቅርፊቱን ተሸክሞ አንድ ነገር ቀስ እያለ ይሄዳል።

«በስመ አብ!»

«የሚራመድ ፎረፎር የሚባለው ይሄ ነው፤ ተባይ ነው። ቤት ውስጥ የሚያሳክከው ሰው አለ?»

ክንዷ ላይ ቀያይ ነጠብጣቦች ነበሩባት። ከሷ በፊት ግን ሆዱን ሲያክ የከረመው ወንድሟ ነው። ትኋን ብላ የፍራሽ ነጋዴውን ሰድባ መጥታለች።

«ከሌላ ድመት ወይም ከውሻ ነው የሚጋባው» አለች ሐኪሟ። «ይሄን ጠብታ ማጅራቷ ላይ፣ በምላሷ የማትደርስበት ቦታ ያንጠባጥቡላት። የምትተኛበትን ሁሉ በሙቅ ውኃ ያጥቡ። አንድ ጊዜ ብቻ አይበቃም፤ ባልኩዎት ቀን ተመልሰው ይምጡ።»

የተባለችውን ሁሉ አደረገች፣ ከሰልም ጠቆረች። ልብስ ሰፊዋ ግን እንቅልፍ አጣች። ከሌላ ድመት? ከሰል ከተወለደች ከዚህ ፎቅ ወርዳ አታውቅም!

ትንሽ እንደቆየ ብናኙ ተመለሰ። ልብስ ሰፊዋ ደረጃውን በሁለት በሁለት ወርዳ ጸጉር ሠሪዋ ላይ ጮኸች።

«ድመት ደብቀሻል! እየተመላለስሽ ተባይ የምታራግፊብኝ አንቺ ነሽ!»

ጸጉር ሠሪዋ ማበጠሪያዋን እንደያዘች ወገቧን ያዘች። «እኔ? ልጄ ድመት አጠገብ ከቆመች ዓይኗ እንደ ቲማቲም ያብጣል! ድመት ያለው አባትሽ ነው። አብራው የምትኖረው ሴትዮ ከሞተች ወዲህ ከነጭ ድመት ጋር ብቻውን ሲያወራ ይውላል አሉ...» ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች። «እትዬ፣ እኔ ምንም አላልኩም።»

ልብስ ሰፊዋ ደረጃውን መልሳ ወጣች። ቤት ገብታ የወንድሟን የእሑድ ሱሪ ከመስቀያው አውርዳ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። እሑድ እሑድ «ትርፍ ሥራ አለ» እያለ ነው የሚወጣው። ልብስ ሰው የሚደብቀውን ያወጣል፤ ይህን ከሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ቁርጭምጭሚቱ ላይ ምንም የለም። ጉልበቱ ላይም የቧንቧ ሠራተኛ የጉልበት ጭቃ የለም። ጭኑ ላይ ግን ረጃጅም ነጭ ጸጉር ጨርቁ ውስጥ ተሰክቷል። አልፋው የሄደች ድመት አይደለችም፣ እዚያው የምትተኛ ናት።

ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ። አሰበችው እንጂ አልተናገረችውም። ሱሪውን እንደነበረ ሰቀለችው።

በማግስቱ ወንድሟ ሻይ እየጠጣ ሳለ «ቅርጫቱን ያዝልኝ፤ ወገቤን አሞኛል» አለችው። ወገቧ ደህና ነበር።

«እሺ እታለም» አለ፤ ፊቷን ግን አየት አደረገ።

ሐኪሟ ተባዩን እንደገና አገኘችው። «ከቤታችሁ ሌላ ድመት ጋ የሚሄድ ሰው አለ። በልብሱ እያመጣው ነው። ያቺ ድመት ካልታከመች እኔም እናንተም ስንደክም ነው የምንኖረው።»

ልብስ ሰፊዋ ግድግዳው ላይ ያለውን የውሾች ሥዕል ታያለች፤ በዓይኗ ጠርዝ ግን እሱን ነው የምታየው። ወንድሟ የቅርጫቱን እጀታ አዞረ፣ መልሶ አዞረ።

«ለሁለት ይስጡን» አለ በመጨረሻ።

«የሁለተኛዋን ክብደት ማወቅ አለብኝ፤ መጠኑ በሱ ነው።»

«ከዚህች በጣም ትከብዳለች። አርጅታለች መሰለኝ፣ ጀርባዋን መላስ አትችልም። ጭኔ ላይ ስትተኛ እግሬን ታደነዝዘዋለች።»

መድኃኒቱን ይዘው ቤት ገቡ። እሷ በሩን ዘጋችና ጀርባዋን አስደግፋ ቆመች። ከሰል ከቅርጫቷ ወጥታ ራሷን አራገፈች።

«ትርፍ ሥራ!» አለች። «የድመት ቧንቧ ነው የምትጠግነው?»

ወንድሟ ሐኪሟ የሰጠችውን የወረቀት ከረጢት በሁለት እጁ ያዘ።

«ሴት ይዞ ነው ብዬ እኮ ደስ ብሎኝ ነበር። ያመጣታል፣ ልብሷን እሰፋላታለሁ ብዬ!»

«ሴት የለችም፣ እታለም።»

«አውቃለሁ! እሱ ጋ ነው የምትሄደው። የእናቴ ሳል እንቅልፍ የነሳው ሰውዬ የድመት ጸጉር እንዴት ቻለ? ንገረኛ! ደግሞ ምን ብሎህ ነው? ታረቀኝ አለህ? አለቀሰ? ወይስ ታሟል?»

የመጨረሻውን ስትል ድምፏ ወረደባት። እሱ ከወረቀቱ ከረጢት ሁለቱን ጠብታዎች አወጣ። ትንሿን የስፌት መኪናው አጠገብ አስቀመጠ። ትልቋን ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተና መጣ፤ ፊት ለፊቷም ቆመ። አልገፋትም፣ አልለመናትም። እንደ ልጅነቱ ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ ጠበቀ።

«ከሄድክ...» ብላ ጀመረች። ያ የቀብር ዕለት ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ዋጠችው።

ከበሩ ፈቀቅ አለች። ወንድሟ ከፈተ፣ ከውጭም ቀስ አድርጎ መለሰው፤ ደረጃውን ወርዶ ሄደ።