ዓሣ የሸተተው ማጫወቻ

ልብስ ሰፊዋ የሱቁን ደፍ እንደረገጠች የዓሣ ሽታ ተቀበላት። ባለሱቁ ከመደርደሪያው ኋላ ተቀምጦ የተጠበሰ ዓሣ በጣቱ እየፈለፈለ ይበላል፤ አጥንቱን የሚተፋው ደግሞ የዘፈን ሸክላ ካርቶን ላይ ነው። ከቤት ስትወጣ ታክሲው ሲጋጭ፣ ዝናብ ሲወርድ፣ ሌባ ሲነጥቃት ሁሉ ታይቷት ነበር፤ ዓሣውን ግን አላሰበችውም።

በትራስ ልብስ የጠቀለለችውን ሸክላ ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች። ሟች እህቷ በሕይወቷ ያስቀረጸችው አንድ ዘፈን ብቻ ነው፤ የተረፈውም ይህ አንድ ሸክላ። እሱ ከተጫረ እህቷን ሁለተኛ ቀበረቻት ማለት ነው።

የሸክላ ማጫወቻ ልግዛልሽ ብላ ያመጣቻት ልጇ ግን ቀይ ቆዳ በለበሰች፣ ሻንጣ በመሰለች ማጫወቻ ዓይኗ ተማርኳል። ባለሱቁም እጁን ሱሪው ላይ ጠረግ አድርጎ የእናትየውን ሸክላ ሊቀበል ዘረጋ። መጀመሪያ በራስህ ሸክላ አሳየኝ አለችው። ቅር ሳይለው አንዱን መዘዘና አሁን አፍንጫውን በጠረገበት እጅጌ ወለወለው። ቀይዋ ማጫወቻ ላይ አስቀምጦት መርፌው እየዘለለ ሲያስቸግረው ከኪሱ ሳንቲም አውጥቶ መርፌውን በያዘው ክንድ ላይ በፕላስተር ለጠፈ። አሁን ቀጥ ይላል አለ።

ዘፈኑ ሲያልቅ መርፌውን ልየው ብላ ጎንበስ አለች። ጫፉ ላይ ፀጉር የመሰለ ጥቁር ነገር ተጠቅልሏል። ባለሱቁ ጣቱን በምራቁ አርሶ ሊያነሳው ሲል እጁን ያዘችው።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«አቧራ ነዋ እትዬ፤ እባብ አይደል።»

ሃያ ዓመት ከመርፌ ጋር የኖረች ሴት ናት። ከቦርሳዋ ቁራጭ ናይለን ጨርቅ አወጣችና በመርፌው ጫፍ ላይ በቀስታ ጎተተችው። ናይለኑ ተያዘ፤ ክሩም ተመዘዘ። እሷ ቤት ቢሆን ይህ መርፌ ቆሻሻ መጣያ ይገባ ነበር። ጥቁሩም አቧራ አይደለም፤ ከሸክላው የተፋቀ ነው። የእህቷ ድምፅ እንዲህ ተፍቆ ይህ ሰው በምራቁ ሲጠርገው ታያት።

እንውጣ ልትል ስትል የዓሣው ሳህን ያረፈበትን አየችው። ያም ማጫወቻ ኖሯል። አሮጌ ስለሆነ ጠረጴዛ አድርጌዋለሁ አለ ባለሱቁ። እስቲ ክፈተው አለችው። ሳህኑ ተነስቶ ክዳኑ ሲከፈት የረጋ ዘይትና የበረሮ እግር ታየ።

«እማዬ፣ ይሄንን ቤት ልታስገቢው ነው?» አለች ልጇ አፍንጫዋን ይዛ።

እናትየው በአንድ ጣቷ፣ ፊቷን አዙራ፣ ሸክላ የሚቀመጥበትን ክብ ብረት ገፋችው። ከባድ ነው፤ ሳይወላገድ ረጅም ዞረ። ክንዱ ከኋላው ባለው ክብደት ሚዛኑን ጠብቆ እንደ ላባ ተንሳፈፈ፤ ሳንቲም አያስፈልገውም። የታሸገ አዲስ መርፌ አስገጠመችና ናይለኑን ደግማ ጎተተች። አልተያዘም። በባለሱቁ ሸክላ ሲሞክሩትም ጫፉ ንጹሕ ሆኖ ወጣ። የጠሉት ይወርሳል ማለት ይሄ ነው አለች በልቧ።

ባለሱቁ እንግዲህ የእርስዎን እንስማው ብሎ በዘይት የሚያብረቀርቅ ጣቱን ዘረጋ።

«እህቴ እዚህ አፏን አትከፍትም» አለችው።

ልጇ ሂሳቡን ስትከፍል ሸክላውን አቀብላት በጠርዙ ያዢው አለቻት። ማጫወቻውን ራሷ አቀፈችው። የረጋው ዘይት ቀሚሷ ላይ ተለጠፈ፤ እያቅለሸለሻት፣ ሳታራግፈው፣ አንድ አንድ እርምጃ እየተጠነቀቀች የሱቁን ደረጃ ወረደች።