ሳይነኩት የሚሠራው ኮምፒውተር

ሴትየዋ በሰፈሩ የምትታወቀው «ጠርጥሪ» በሚል ቅጽል ስም ነበር። ስሙን ያወጣላት ባሏ ነው፤ ገና እንደተጋቡ ሰሞን «ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር» የሚለውን ተረት ጠዋት ማታ ብትደጋግምበት ጊዜ። እሷ አትቀየምም። ሥራዋ ራሱ ጥርጣሬ ይፈልጋል። መንገድ ዳር ያለችውን የቤቷን ክፍል የጽሕፈት አገልግሎት አድርጋ የፍቺ ማመልከቻ፣ ኑዛዜና የክስ መልስ ስትተይብ ትውላለች። የሰው ገበና የሚያልፈው በጣቷ ነው። አንዷ ባሏን ለመክሰስ ትመጣለች፤ በማግስቱ ባልየው ሚስቱን ለመክሰስ ይመጣል። ለሁለቱም ትተይባለች፣ ለሁለቱም ትንፍሽ አትልም።

የክፍሉ ቁልፍ ያለው ከእሷ ሌላ ዋርሳዋ፣ የባሏ ታናሽ ወንድም፣ ብቻ ነው። የሒሳብ መምህር ነው፤ አብሯቸው ይኖራል፤ የተማሪዎቹን ፈተና በእሷ ኮምፒውተር ይተይባል። እናቱ በልጅነቱ «ቁንጮ» ያለችው እስከ ዛሬ የቤት ስሙ ነው።

አንድ ቀን ምሳዋን በልታ ስትመለስ ኮምፒውተሩ ያጓራል። ማራገቢያው ዳገት እንደያዘ የጭነት መኪና ያቃስታል። ጎኑን ብትነካው ትኩሳት እንደያዘው ሕፃን ይፋጃል። በሩን ቆልፋው ነበር የሄደችው። ስክሪኑ ላይ ቀይና አረንጓዴ የሆነ፣ እንደ ተተበተበ ክር ያለ ነገር ቀስ እያለ ይዞራል። ማውሱን ገና ነካ ስታደርገው ነገሩ ብን ብሎ ጠፋ፤ ማራገቢያውም ጸጥ አለ።

«አሃ!» አለችው። «ሰው ሲያይህ ጨዋ ትሆናለህ?»

ከዚያ ወዲያ ዓይኗን ከማሽኑ ላይ አልነቀለችም። ተቀምጣ ስትሠራ ዝም ይላል፤ ደንበኛ ልትሸኝ ወጣ ስትል ያጓራል። ክር ወስዳ በኪቦርዱ ላይ ከዳር እስከ ዳር ወጠረችና ቆልፋ ሄደች። ስትመለስ ክሩ ንቅንቅ አላለም፤ ኮምፒውተሩ ግን ይነድዳል። ይኼኔ የባሰ ፈራች። ሌባ ቢሆን እጅ አለው፤ እጅ የሌለው ምን ይባላል?

ለባሏ ነገረችው። እሱ ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ሱቁን ከእሷ ክፍል የሚለየው አንድ ግድግዳ ነው።

«ሙቀቱ ይሆናል» አላት። «አንቺ ደግሞ ጥላሽንም መታወቂያ ሳትጠይቂ አታሳልፊም።»

ነገሩ በሳቅ ሊያልፍ ነበር፤ ዳቦ ቤት ያላት ደንበኛዋ ባትመጣ ኖሮ። ሴትዮዋ ከበሩ ሳታልፍ ቆመች።

«ምነው እህቴ፣ ምን በደልኩሽ?»

«ምን ሆንሽ?» አለች ጠርጥሪ፣ ተነስታ ወደ በሩ እየሄደች።

«የፍቺ ማመልከቻዬን ፍርድ ቤት ሳይደርስ ባሌ ቃል በቃል አነበነበልኝ። ከእኔና ካንቺ በቀር ማን አይቶት ነው?»

ልትምል አፏን ከፈተችና መሐላውን ተወችው። ሦስተኛ ያየ ነበራ! ይኸው ኮምፒውተሩ ከጀርባዋ ማጓራት ጀምሯል።

ወዲያው የኮምፒውተር ጠጋኝ አስጠራች። ጠጋኙ ሲጎረጉር ቆይቶ «ቫይረስ አይደለም» አላት። «ሰው አውቆ የጫነው ፕሮግራም ነው። ማሽኑ ሥራ ሲፈታ ይነሳና በኢንተርኔት የሆነ ነገር ይቀበላል፤ ሲያሰላ ቆይቶ መልሶ ይልካል።»

«ወዴት?»

«እሱን እንጃ፣ ሩቅ ነው። የጫነው ሰው ግን የተመዘገበው በዚህ ስም ነው» ብሎ ስክሪኑን ወደ እሷ አዞረው።

«ቁንጮ» ይላል።

በዕረፍት ቀን እሷ፣ ባሏና ዋርሳዋ ሳሎን ተቀምጠው ሳለ አፈረጠችው።

«ስማ ወንድሜ፣ አብልቼ አጠጥቼ የደንበኞቼን ገበና ለማን ነው የምትሸጠው?»

መምህሩ ክው አለ። «እትዬ፣ ኧረ ምንም አልሸጥኩም!»

«ታዲያ ቁንጮ የሚባል ሌላ ሰው አለ?»

«እኔ ነኝ» አለ አንገቱን ደፍቶ። «ግን የማንንም ወረቀት አይነካም። ተመራማሪዎች ናቸው። በሰው ገላ ውስጥ ያሉ ፕሮቲኖች እንዴት እንደሚታጠፉ ያሰላሉ። እጥፋታቸው ሲሳሳት ነው በሽታ የሚመጣው። ስሌቱ ብዙ ነው፤ የእነሱ ኮምፒውተር አይችለውም። ስለዚህ ፈቃደኛ የሆነ ሁሉ የራሱ ኮምፒውተር ሥራ ሲፈታ ያውሳቸዋል።»

«በነጻ?»

«በነጻ።»

«ለማያውቀው ሰው?»

«አዎ።»

«ሞኝ መሰልኩህ?» አለችው። «ጎረቤት መጥረጊያ ሲዋስ እንኳ አንኳኩቶ ነው። ለምን አልጠየቅከኝም?»

«ብጠይቅሽ እሺ ትይ ነበር?»

«በጭራሽ!»

«እንግዲህ…»

«እንግዲህ አትበለኝ! የምን በሽታ ነው?»

መምህሩ ወንድሙን አየት አደረገው። «የእማዬ» አለ።

የወንድማማቾቹን እናት ያስታመመቻት ጠርጥሪ ናት። አሮጊቷ በመጨረሻ እጇ እየተንቀጠቀጠ ብርጭቆ መያዝ አቅቷት ነበር የሞተችው።

«እማዬ ካረፈች ስንት ዘመኗ!» አለች። «አሁን ምን ትዝ አሰኘህ?»

መምህሩ አሁንም ወንድሙን አየ። ባሏ ቀኝ እጁን ከጠረጴዛው ላይ አንስቶ ጭኑ ሥር ከተተው።

ያን ጊዜ ሁሉም ባንድ ላይ መጣባት። ጢም በምላጭ መላጨት ትቶ «ምላጭ ድሮ ቀረ» ማለቱ። ሻይ ስትቀዳለት «ግማሽ ይበቃኛል» ማለቱ። የሸሚዙን ቁልፍ ስትቆልፍለት እንደ ልጅ ዝም ማለቱ። እሷ ደግሞ የፍቅር ነገር መስሏት ደስ ብሏት ነበር። ክር ወጥራ ማሽን ስትጠብቅ ከጎኗ የሚተኛውን ሰው ሳታይ ከረመች።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ቆየ» አለ ባሏ። «የአንድ ደንበኛዬን ጆሮ ጫርኩት። ይኼ ልጅ አየኝ። ላንቺ እንዳይነግርሽ አስማልኩት።»

«ለእኔ?»

«ለሌላው ቢወራ ሱቄን ነው የማጣው። አንቺ ካወቅሽ ግን ዓይንሽ ከእጄ ላይ አይነሳም። እሱን ነው የፈራሁት።»

«ደግ ፈርተሃል» አለችው። ተነስታም ወደ ጓዳ ገባች።

በማግስቱ ጠጋኙን ምስክር አስቁማ ዋርሳዋ ፕሮግራሙን በራሱ እጅ እንዲያጠፋው አደረገች። የዳቦ ቤቷ ሴትዮም ነገሯ ከየት እንደወጣ ደረሰችበት፤ ማመልከቻውን በስልክ ያነበበችላት የገዛ እህቷ ለባልየው ነግራው ኖሯል። የሚተየብ ሌላ ወረቀት ይዛ መጣች እንጂ ይቅርታ አልወጣትም።

ከዚያ መምህሩ ትምህርት ቤቱ የጣለውን አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ተሸክሞ መጣ፤ ፕሮግራሙን ሊጭንበት ነው። ጠርጥሪ ዞር ዞር ብላ አየችው፤ ውስጡ አንድም የደንበኛ ወረቀት አለመኖሩን በጠጋኙ አስፈተሸች።

«መድኃኒቱ መቼ ነው የሚገኘው?» አለች።

«ለእኛ ዘመን ላይደርስም ይችላል፣ እትዬ።»

«ታዲያ ምን ያለፋሃል?»

«እጄን አጣጥፌ ማየት አቃተኝ።»

ሙሉ በሙሉ አላመነችውም። ሩቅ አገር ተቀምጦ ለማያውቀው ሰው የሚለፋ አለ ማለት አሁንም አይዋጥላትም። ሆኖም መተላለፊያው ላይ ቦታ ሰጠችው፤ ባለፈች ቁጥር በጎን ታየዋለች፣ አታጠፋውም።

ባሏን ግን ይዛ ሐኪም ዘንድ ሄደች። ሐኪሙ ገና ሲያያት «እርስዎ ውጭ ይጠብቁን» አላት።

«ለምን ሲባል?» ብላ ወንበር ስባ ከባሏ ጎን ቁጭ አለች። «የሚሉት ካለ ለሁለታችንም ይበሉት።»

ሐኪሙ ባሏን አየው። ባሏ ሳቀ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ የሳቀው ሳቅ ነበር። «ይተዋት ዶክተር፣ አይችሏትም» አለ።

«እሺ፤ እጅዎን ይዘርጉልኝ» አለው ሐኪሙ።

ዘረጋ።