የሃምሳ ሳንቲም ታላቅ ቅናሽ

ሰው እንዴት ለሃምሳ ሳንቲም ቀይ ወረቀት ያሰቅላል? የሱፐርማርኬቱ ሥራ አስኪያጅ ግን ዓይኑን በጨው የታጠበ ሰው ነውና ያሰቅላል። ባለፈው ወር ሦስት የጥርስ ሳሙና ለገዛ አንድ ፌስታል «በነፃ» ብሎ ነበር። ከዚያ በፊት ደግሞ የሁለት ብር ኩፖን አድሎ፣ ኩፖኑ የሚሠራው ማክሰኞ ጠዋት ብቻ መሆኑን ከጀርባው በጉንዳን ፊደል አሳትሟል። አሁን ተራው የዘይት ሆነ። ዘጠኝ መቶ ብር ይሸጥ የነበረው ባለ አምስት ሊትር ዘይት ስምንት መቶ ዘጠና ዘጠኝ ብር ከሃምሳ ገባ። ለዚች ብሎ ግድግዳውን፣ መስኮቱን፣ የከተማውን አውቶቡስ ማቆሚያ ሁሉ ቀይ አለበሰው።

ጽሑፉን በእጇ የምትጽፈው እጀ ወርቅ ነበረች። ስሙን ያወጡላት ገንዘብ ተቀባዮቹ ናቸው፤ ብሩሽ ስትይዝ እውነትም ያምርላታል። ሥራ አስኪያጁ በአጻጻፍ ላይ የራሱ ሕግ አለው፦ «ታላቅ ቅናሽ» የሚለው መዳፍ ያህል፣ ዋጋው ከታች ጥግ ላይ ጥፍር ያህል። የድሮው ዋጋ ጭራሽ አይጻፍም። ለዘይቱ ግን አላስቻላትም፤ ይሄማ በሰው መቀለድ ነው ብላ ልትከራከረው ሞከረች። እሱም ሳይቆጣ፣ የሙከራ ጊዜዋ ሊያልቅ አራት ቀን እንደቀረውና የቋሚነት ደብዳቤዋን የሚፈርመው ማን እንደሆነ አስታወሳት። ወንድሞቿን የምታስተምረው በዚያ ደመወዝ ነው። አፏን ይዛ ጻፈች። አንጀቷ ግን አረረ፤ በእሱም፣ በራሷም።

በማግስቱ ጠዋት፣ ከሱፐርማርኬቱ ሁለት አውቶቡስ ርቃ የምትኖረው አክስቷ ከማቆሚያው ላይ ወረቀቱን አየችው። እጀ ወርቅን ያሳደገቻት እሷ ናት። ልብስ ሰፊ ስለነበረች ፊደል ያስቆጠረቻትም በልብስ ሰፊ ጠመኔ፣ በቁራጭ ጨርቅ ላይ ነው። የልጅቱን እጅ ከሺህ ጽሑፍ መሀል ትለየዋለች። ዋጋውን ልታነብ እንኳ ጠጋ አላለችም። ልጄ የጻፈችው ነው፣ ልጄ ደግሞ አትዋሽም ብላ ሁለት ጎረቤቶቿን ቀሰቀሰችና ያንን የታመመ ጉልበቷን እየጎተተች መጣች። ሰልፉ ላይ አንድ ሰዓት ቆሙ።

ተራቸው ደርሶ ከከፈሉ በኋላ ደረሰኙ ወጣ። ከግርጌው «እንኳን ደስ አለዎ! ሃምሳ ሳንቲም አትርፈዋል» ይላል። እንዲህ ብሎ ከሚያሾፍ ማሽን ይልቅ በጥፊ የሚመታ ሰው ይሻላል።

አንደኛዋ ጎረቤት ደረሰኙን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ለአውቶቡስ ብቻ በነፍስ ወከፍ ሠላሳ ብር እንደከሰከሱ እየተናገረች ደሟ ፈላ። ከዚያ ወደ አክስትየዋ ዞረች።

«ልጄ አትዋሽም አላልሽንም?»

«እሷ ምን ታውቃለች» አለች አክስቷ። «ጻፊ ያሏትን ነው የምትጽፈው። ዋጋውን ብታውቅ ኖሮ ብሩሽም አታነሳም ነበር።»

እጀ ወርቅ ሌላ ቀይ ወረቀት ታቅፋ ከብስኩት መደርደሪያው አጠገብ ቆማ ይህን ሁሉ ሰማች። ሥራ አስኪያጁም ሰምቶ ኖሮ ፈጠን ብሎ መጣና፣ እናቴ እውነትዎን ነው፣ ጸሐፊዋ ስለ ዋጋ የምታውቀው ነገር የለም አለ። ነገሩ በዚያው ሊያልፍ ነው። ዝም ብትል አክስቷ ቀና ብላ ወደ ቤቷ ትሄዳለች፣ ደብዳቤውም ይፈረማል። ዝም ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅባት። ግን ያቺ ሴትዮ በሰው ፊት ስለ እሷ ስትከራከር ማየቱን አልቻለችውም። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

«አውቅ ነበር፣ እታለም» አለች። «የድሮውንም የአሁኑንም ዋጋ አውቃለሁ። እያወቅሁ ነው የጻፍኩት።»

አክስቷ ትኩር ብላ አየቻት። አልተሳደበችም፤ ብትሳደብ ይሻል ነበር።

«እንግዲያው አርሚዋ» አለቻት።

እጀ ወርቅ ከገንዘብ ተቀባይዋ በርጩማ ተዋሰችና ከሂሳብ መክፈያው በላይ ከተሰቀለው ትልቁ ወረቀት ሥር አቆመችው። ከሽርጧ ኪስ ወፍራሙን ጥቁር ማርከር አወጣች። ሥራ አስኪያጁ ጠጋ ብሎ፣ ያንን ወረቀት ከነካች ነገ እንዳትመጣ በለሆሳስ ነገራት። እሷም በርጩማው ላይ ወጣች። አንዱ እግሩ አጭር ስለነበር ተንገዳገደ።

«እታለም፣ ያዢልኝ።»

አክስቷ ዘይቷን መሬት አስቀምጣ በሁለት እጇ ግጥም አድርጋ ያዘችላት። እጀ ወርቅ «ታላቅ» የሚለውን ሰርዛ በቦታው መዳፍ መዳፍ በሚያህል ፊደል «የሃምሳ ሳንቲም» ብላ መጻፍ ጀመረች። በርጩማው አሁንም ሲነቃነቅ፣ ያቺ የተቆጣችው ጎረቤት መጥታ በሌላው በኩል ያዘችው።