ወደ ጎን እምቢ የሚል ሞላ

ሙና በአባቷ የብረታ ብረት ሱቅ ውስጥ በቆርቆሮ መቀስ የዘይት ጣሳ እየቆረጠች ነው፤ ስልኳ ባንኮኒው ላይ ጮክ ብሎ ይናገራል።

«የኔን ሞላ ንድፉ ውስጥ መልሺው» አለ ዶክተር እንዳለው፣ የመመረቂያ ጽሑፏ አማካሪ። «ነገ ጠዋት ካላየሁት አልፈርምም። ለከርሞ እንገናኛለን።»

«ዶክተር፣ የእርስዎ ሞላ ሠላሳ ቮልት ሲደርስ ወደ ጎን ይሄዳል። አሥራ አንድ ጊዜ ሞከርኩት።»

«በኮምፒውተር ነው የሞከርሽው።»

«እርስዎስ በምን ሞከሩት?»

ስልኩ ተዘጋ። ሰቆጣ ውስጥ ስልክ ሲዘጋ ጥፋተኛው ኔትወርክ ነው፤ ሙናም ለአባቷ እንደዚያው አለች።

አባቷ ከሪም ምስማር እየመዘኑ ሰምተዋል።

«የምትነድፊው ዕቃ ስንት ያህላል አልሽኝ?»

«ሙሉው ከአንዲት ጤፍ አይበልጥም፣ አባ።»

«ለአንዲት ጤፍ ዶክተር ታስቀይሚያለሽ?»

ዕቃው ሁለት ማበጠሪያ ነው፤ የአንዱ ጥርስ በሌላው ጥርስ መሀል የገባ። ኤሌክትሪክ ሲያገኝ አንዱ ሌላውን ይስባል፤ ሲቋረጥ ሞላው ወደ ቦታው ይመልሰዋል። አንድ ጥርስ ወደ ጎን ዘምሞ ጎረቤቱን ከነካ ግን ተጣብቆ ይቀራል፤ እንኳን ሞላ፣ ሽማግሌም አያላቅቀው።

ወደ ኒሯቅ አይሱዙ የሚነዳው ተስፋው ብሎን ሊገዛ ገባ። ሙና አጉልታ የቆረጠቻቸውን ሁለት የቆርቆሮ ሞላዎች አቀበለችው። አንዱ እንደ እባብ የተጠማዘዘው የዶክተሩ ሞላ ነው። ሌላው የሷ፤ አራት ቀጫጭን እግሮች ታጥፈው ጫፋቸው በአንድ አግዳሚ የታሰረ።

«ጋሼ ተስፋው፣ ወደ ፊት ግፋቸው። ከዚያ ወደ ጎን።»

ተስፋው በአውራ ጣቱ ገፋ። እባቡን መልሶ አስቀመጠው።

«ይኸ የጠራው ሁሉ ጋ ይሄዳል።» የሷን ገፋ። «ይኸ ግን ወደ ፊት እሺ፣ ወደ ጎን እምቢ ይላል። የመኪናዬ ሞላ፣ ባሌስትራውም፣ ጠባዩ ይኸው ነው።»

«የአበርገሌን ቁልቁለት በእባቡ ብትወርድስ?» አሉ ከሪም።

«አልወርድም። ተንከባልዬ እደርሳለሁ።»

ተስፋው ብሎኑን ይዞ ሲወጣ ከሪም ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ስሚኝ። አስፈርሚና ተመረቂ። ከዚያ የፈለግሽውን ሞላ ሥሪ።»

«ከዚያማ ስሜ በማይሠራው ላይ ተጽፏል። እርስዎ የማይከፍት ቁልፍ ሸጠው ያውቃሉ?»

መልሱ በሩ ላይ ተሰቅሏል። ከሪም የተበላሸ ቁልፍ አይጥሉም፤ አይመልሱም። ያመጣውን ነጋዴ ስም በካርቶን ጽፈው፣ አላፊ አግዳሚው እንዲያነበው ደጃፋቸው ላይ ይሰቅሉታል። አሥራ ሰባት ቁልፍ ተንጠልጥሏል። ሁለት ነጋዴ ሰቆጣ መምጣት ትቷል።

«ዶክተሩ ሊጥልሽ ይችላል» አሉ።

«ይጣለኝ።»

ከሪም ለረጅም ጊዜ ምስማር መዘኑ። ምስማሩን የሚገዛ ሰው አልነበረም።

ሙና ኮምፒውተሯን ከፈተች። የዶክተሩን ሞላ አልሰረዘችውም። የሷን ዋናው ምዕራፍ ውስጥ አስገብታ፣ የሱን «ተሞክረው ያልሠሩ ንድፎች» ከሚለው ርእስ ሥር አስቀመጠችው። ከሥዕሉ በታች ባዶ ቦታ ነበር። ቀና ብላ በሩን አየች።

«ንድፍ፦ ዶክተር እንዳለው» ብላ ጻፈችበትና ለራሱ ለዶክተሩ ላከችው።