ቬሎ ሰፊዋ ስትፋታ

ለአሥራ አራት ዓመት የሰው ሙሽራ ስታለብስ የኖረችው ቬሎ ሰፊ የራሷ ትዳር ሲፈርስ፣ መጀመሪያ የከነከናት የደንበኞቿ ነገር ነበር። «እጇ ገደ ቢስ ነው» እንዳይሏት ፈርታ ሁለት ወር ሙሉ ለአንዳቸውም ትንፍሽ አላለችም።

ባሏ መካኒክ ነው። ጋራዡ ከቤታቸው ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ እሷም አይደለችም። ብቻ ከሁለት ዓመት ወዲህ የሚነጋገሩት ድንቡሼ በሚሏት የዘጠኝ ዓመት ልጃቸው በኩል ሆኖ ነበር። «አባትሽን እራት ቀርቧል በይው»፣ «እናትሽን አልራበኝም በያት»። አንድ ቀን ድንቡሼ «እኔ ስልክ አይደለሁም» ብላ ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋችው። በማግስቱ ሁለቱም እንፋታ ተባባሉ። ከስንት ጊዜ በኋላ የተስማሙበት ነገር ቢኖር እሱ ነው።

ከዚያ ዘመድ ገባበት። አክስቷ ቤቱን እንዳትለቅ፣ ልጅቷንም እንዳታሳየው መከሯት። የእሱም ወንድሞች የበኩላቸውን መከሩት። ሰፊዋ ባሏን የምታሳጣውን ነገር ስታስብ ትውል ጀመር፤ ቤቱን፣ ከልጅቷ ጋር የሚያሳልፈውን ቅዳሜ፣ ወጥታበት የማታውቀውን መሰላል ሳይቀር። መድኃኒት ቤት የምትሠራው ታናሽ እህቷ ይህን አይታ፣ የፍቺ አሰልጣኝ የሆነች ሴት አውቃለሁና ሂጂ አለቻት።

«አሰልጣኝ? ኳስ ልጫወት ነው?»

«ጠበቃ አለሽ፣ አክስት አለሽ» አለቻት እህቷ። «የጎደለሽ አንቺን ራስሽን የሚያስደምጥሽ ሰው ነው።»

አሰልጣኟ ስልሳውን ያለፉ ጡረተኛ አዋላጅ ናቸው። ከጡረታ በኋላ ለዚህ ሥራ ተምረው፣ ሁለት ወንበርና አንድ ትንሽ ጠረጴዛ ባለበት ክፍል ሰው ይቀበላሉ። ገና እንደተቀመጠች ነገሩን ለዩላት፦ ሕጉን ጠበቃዋን ትጠይቅ፤ ሐዘኑ ከከበዳት ሐኪም አለ፤ እዚህ የምትመጣው አጥርታ ለመወሰን ነው፤ የምትወስነውም ራሷ ናት።

«ሠላሳ ዓመት ማዋለጃ ክፍል ስሠራ» አሏት፣ «"ግፊ" ካልኩት "አሁን አትግፊ" ያልኩት ይበዛል። ያለጊዜዋ የገፋች ትቀደዳለች።»

መቀደድ ምን እንደሆነ ለሰፊ አይነገርም። ሳቀች፤ በዚያ ሰሞን የመጀመሪያዋ ሳቅ ነበረች።

የመጀመሪያው የቤት ሥራ ቀላል ነበር። ባሏ የሚያናድድ መልእክት ሲልክባት፣ አንድ ጠርዝ ቀምቅማ ሳትጨርስ እንዳትመልስ። ባል ደግሞ ወንድሞቹ ያቀበሉትን ሁሉ ይልክ ነበርና ብዙ ጠርዝ ተቀመቀመ። መርፌው ሲጀምር አንድ ገጽ የነበረው መልስ፣ ክሩ ሲያልቅ «ነገ እንነጋገር» ብቻ ይሆናል። የዚያ ወር ሙሽሮች ከቀሚሳቸው ጠርዝ አንድ ክር አልተተረተረባቸውም።

በሦስተኛው ቀጠሮ፣ ቤቱን አልለቅም ብላ ድርቅ አለች። አሰልጣኟ አልተከራከሩም። የዛሬ ዓመት የምትኖረውን አንድ ተራ ማክሰኞ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ጽፋ እንድትመጣ ነገሯት። የሕፃን ጨዋታ መስሏት ነበር፤ ቢሆንም በልብስ ቅድ ወረቀት ጀርባ ላይ ጻፈችውና በሳምንቱ አነበበችላቸው። ሰፊ መስኮት አለ። ብርሃኑ መቁረጫ ጠረጴዛው ላይ ይወድቃል። አመሻሽ ላይ ድንቡሼ ከአባቷ ጋራዥ አፍንጫዋን ግሪስ ነክቷት እየሳቀች ትመጣለች።

«ቤቱ የቱ ጋ ነው?» አሏት አሰልጣኟ።

ወረቀቱን ገለበጠችው። የለም። እዚያ ቤት ውስጥ የምትሰፋው ምድር ቤት ነው፤ ነጩን ከክሬሙ ለመለየት ጨርቁን ይዛ መንገድ ዳር የምትወጣበት። ወረቀቱ ላይ ያለው ሌላ ክፍል ነው።

«ታዲያ ለምን ፈለግሽው?»

ወረቀቱን ጠቀለለችው። «እሱ እንዳያገኘው» አለች። የገዛ ድምፅዋን ስትሰማ አፈረች።

«እልህ ምላጭ ያስውጣል፤ የአንቺ ግን ገና ከአፍሽ አላለፈም» አሏት አሰልጣኟ። ልቀቂውም አትልቀቂውም አላሏትም። መብቷን ጠበቃዋን ጠይቃ፣ ሳምንት አስባበት እንድትመለስ ብቻ ነገሯት።

ጠበቃዋ ድርሻዋን ሳትለቅ ቤቱን ልትለቅ እንደምትችል አስረዳቻት። ይህን ለይቶ የነገራት ሰው አልነበረም። ሳምንቱን ክፍል ስትፈልግ ከረመችና፣ ከድንቡሼ ትምህርት ቤት ብዙም ሳትርቅ ከዳቦ ቤት በላይ አንዱን አገኘች። መስኮቱ ግድግዳውን ሙሉ የያዘ ነው። አክስቷ ሲሰሙ ሰው ምን ይላል ብለው አኮረፉ። ሰው የሚለውን ይበል፣ እኔ ብርሃን እፈልጋለሁ አለቻቸው።

ስለ ፍቺው ሊነጋገሩ በተቀጣጠሩበት ቀን ባሏ ጠበቃዋ ቢሮ ሲመጣ፣ ታላቅ ወንድሙ የጻፈለት ሦስት ገጽ በእጁ ነበር። እሷ ቀድማ ተናገረች።

«ቤቱን አንተ ያዘው፤ ከጋራዥህ አትራቅ። ድርሻዬን በሕጉ ትሰጠኛለህ። ድንቡሼ አንድ ሳምንት እኔ ጋ፣ አንድ ሳምንት አንተ ጋ ትሁን። ከአባቷ እንድትጎድል አልፈልግም።»

መካኒኩ ወረቀቱን አየ። ገለጠ። ሁለተኛውንም ገለጠ። ከዚያ አጥፎ ኪሱ ከተተው።

«ለዚህ የሚሆን መልስ አልጻፈልኝም» አለ።

ሁለቱም ሳቁ፤ ጠበቃዋም እንባዋን ጠረገች። ሁሉም ነገር በዚያ ቀን አላለቀም፤ ለትምህርት ቤት እረፍት ጊዜ ብቻ ሦስት ቀን ተከራክረዋል። ግን ጮክ ሳይሉ ነበር። እሱም ሲወጡ እያፈረ የአሰልጣኟን ስልክ ጠየቃት። እሳቸው ሁለቱን ወገን አልይዝም ብለው ወደ ባልደረባቸው ላኩት፤ ሄደም።

ዕቃዋን ያጓጓዘላት ራሱ ነው፣ በጋራዡ ፒክአፕ። ያልደረሰ ቬሎ የለበሰች የልብስ አሻንጉሊት ነበረች፤ ብትጋደም ቀሚሱ ይጨማደዳል ብለው ከኋላ አቁመው አሰሯት። ሦስቱ ከፊት ተቀመጡ፤ ድንቡሼ መሐል ሆነች። ገና ዋናው መንገድ ሲገቡ ከኋላ ያለው መኪና ጥሩምባ ነፋ። ታክሲው ተቀበለው፤ አውቶቡሱ ደገመው። መንገድ ዳር ያለ ሰው ቆሞ ያጨበጭብ ጀመር።

«ሠርግ መስሏቸው ነው» አለ መካኒኩ፣ ጆሮው ድረስ ቀልቶ። «ምን ልበላቸው?»

«አመስግናቸው» አለች ሰፊዋ።

ጥሩምባውን ጫን አድርጎ መለሰላቸው። ድንቡሼ በእናቷ በኩል ወደ መስኮቱ ተንጠራርታ ለሰዉ ሁሉ እጇን እያወዛወዘች ዳቦ ቤቱ ድረስ ሄዱ።