መቶ ሦስት

«መቶ ሦስት ነው የሚለው!» አለች ልጅቱ፣ ማጉያ መነጽሩን ከዓይኗ ሳታነሳ። «መቶ አራት መሆን ነበረበት።»

አጎቷ የሻይ ብርጭቆውን እንደያዘ የአባቷ ሥራ ክፍል በር ላይ ቆሟል። አባቷ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ሳሎን የተቀመጡት ለቅሶ ደራሾች ድምፃቸውን ቀንሰው ያወራሉ።

«ምኑ ነው እሱ?»

«ካፓሲተሩ፣ ጋሼ። ይሄ አባዬ ሲሠራው የከረመው ኮምፕሬሰር ነው፤ የጮኸውን ድምፅ ይጫናል፣ ረገብ ሲል ይለቃል። ይቺ መስመር ደግሞ ጆሮው ናት፤ መቼ እንደሚጫን የምትነግረው እሷ ናት። ከበሮ በተመታ ቁጥር ዘፋኙ እንዳይታፈን፣ ወፍራም ድምፅ እንዳትሰማ በካፓሲተር ትደረጋለች። አባዬ ግን ቁጥሩን ስቶ፣ አቅሙ አሥር እጥፍ ያነሰውን አስገብቶ፣ ከሚገባው በላይ አደንቁሯታል።»

«ታዲያ ምን ይገርማል? መርሳት ጀምሮ አልነበር?» አለ አጎቷ ወደ ሳሎን ገልመጥ ብሎ። «እናትሽን፣ አንድ እግር ጫማዋ አውቶቡስ ላይ የቀረ ጊዜ የሆነውን፣ ያንኑ ወሬ ስንቴ አስደገማት!»

ራዲዮ ጣቢያ ድምፅ ቀጂ እስክትሆን ድረስ ሙያውን ያስያዛት አባቷ ነው። እሱ መቶ ሦስትን ከመቶ አራት መለየት አቅቶት ከነበረ፣ ገና ሳይሞት አእምሮው ሄዶባቸው ነበር፤ እሷም አላየችም ማለት ነው።

መበየጃውን ሰካችና እስኪግል ድረስ ትክክለኛውን ካፓሲተር ለመፈለግ መሳቢያውን ሳበች። ስድስት የተነቀሉ ካፓሲተሮች ካርቶን ላይ በተርታ ተሰክተዋል። የመጀመሪያው መቶ አራት ነው፤ ከዚያ አቅማቸው እያነሰ ይወርዳል። በእያንዳንዱ ሥር በእርሳስ ቀን ተጽፏል።

«አልሳተም» አለች። «አንድ በአንድ እየሞከረ ነው እዚህ የደረሰው። ግን ለምን?»

ኮምፕሬሰሩንና ማይኩን ከፍታ «አንድ፣ ሁለት» አለች። ምን ያህል እንደተጫነ የሚያሳየው የሜትሩ መርፌ ቁልቁል ወረደ፤ ቀጭን ድምፅዋን ተጭኖታል።

«ምን እያደረጋችሁ ነው? ሰው ይሰማል እኮ» አለች እናቷ ገብታ ማይኩ አጠገብ ቆማ። ድምፅዋ ጎርናና ነው፣ ከአጎቷም ይወፍራል። መርፌው ንቅንቅ አላለም።

ልጅቱ ከመርፌው ወደ እናቷ ቀና አለች። በቤታቸው ካሴቶች ሁሉ የእናቷ ድምፅ የሚመጣው ከሩቅ ነው። እሷ ስትናገር አሮጌው መቅጃ ሁሉንም ይጫንና የሌላው ሰው ወሬ ይጠፋል፤ አባቷም «ኧረ ነጎድጓድ፣ ወደ ኋላ!» እያለ ከበሩ ጀርባ ያስቀምጣት ነበር። እሷም እየሳቀች ትሄድለት ነበር።

«እማዬ፣ የጫማውን ወሬ የት ነበር የሚያስደግምሽ?»

«እዚሁ ማይኩ ፊት ነዋ፣ ጠዋት ጠዋት። ‹እስቲ እንደገና› ይለኛል። ረስቶት መስሎኝ፣ ሆድ እንዳይብሰው እንደ አዲስ አወራለት ነበር።»

«አልረሳም፣ እማዬ። አንቺን የማይጫን ዕቃ እየሠራልሽ ነበር።» መበየጃውን ነቀለችው።

እናቷ ሳጥኑን ትክ ብላ አየችው። ከዚያ ወንበር ስባ ማይኩ ፊት ተቀመጠች። ልታወራ አፏን ስትከፍት ለቅሶው ቀደማት፤ ሦስት ቀን ሙሉ አፍና የያዘችው በሙሉ ድምፅዋ ወጣ። አጎቷ በሩን ሊዘጋ እጁን ዘረጋና ተወው።